ለማይታጠፍ እግር የሚሆን መኪና

አባቴ የወደቁት ሩዝ ሲያርሙ ነው። ሐምሌ ነበር። ማሳው ውሃ አቁሯል፤ በማሳና በማሳ መካከል ያለችው ጠባብ መሄጃ በድጥ ተለቅልቃለች። ታላቅ ወንድሜ እንደነገረኝ ሲወድቁ አልጮሁም። ጭቃው ውስጥ በጎናቸው እንደተኙ፣ የነቀሉትን አረም በእጃቸው እንደያዙ፣ "እስቲ ና አንሳኝ" ብለው በተለመደው ድምፃቸው ጠሩት። ሊያነሳቸው ሲሞክር ቀኝ እግራቸው አብሮ አልነሳ አለ። ሁለቱም ያዩት ያኔ ነው፤ እግሩ ከዳሌው በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል።

ጎረቤት ተጠርቶ በቃሬዛ ወጡ። አገራችን ቁሐር ሚካኤል ክረምት ከመንገድ ይቆረጣል። ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ይመስላል፤ ሰዉ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ እየገባ ነው የሚሄድ። ወንድሜ ቃሬዛውን በፊት በኩል ይዞ ነበር። አባቴ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት፤ ተሸካሚዎቹ ሲንሸራተቱ "ቀስ በሉ፣ እናንተም እንዳትሰበሩ" አሉ።

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል፣ ዳሌያቸው ላይ ብረት ገባላቸው። ቁስሉ ደህና ዳነ። እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ። ሐኪሙ አስቀምጦ አስረዳን። ዕድሜ ነው፣ አጥንቱም ሳስቷል፤ በምርኩዝና በሰው ድጋፍ ትንሽ ትንሽ ይራመዳሉ፣ ከዚያ በላይ ተስፋ ልሰጣችሁ አልችልም አለ። አባቴ አመሰገኑትና ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲያ ማን ያርመዋል?" አሉኝ።

ስለ ሩዙ ነበር።

ቤቴ ወረታ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ሩዝ መፈልፈያ ቤት ውስጥ ማሽን ላይ እሠራለሁ። ሐኪሙ በየጊዜው መታየት አለባቸው ስላለ አባቴ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እኔ ዘንድ ቀሩ። ለእሳቸው ወረታ አገር አልነበረችም፤ ገበያ ነበረች። መጥተው፣ ሸጠው፣ ገዝተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚመለሱባት ከተማ። አሁን ግን በረንዳዬ ላይ እግራቸውን እንደ አጣና ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ቁሐር አዙረው ይውሉ ጀመር። ከዚያ ሆነው የሚታያቸው የጎረቤት ቆርቆሮ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ በሚኒባስ ሄድን። ጋቢና ይሻላል ብዬ ነበር፤ እግራቸው ከፊት ለፊቱ ሳጥን ሥር አልገባም አለ። ወደ ኋላ ወሰድናቸው። ረዳቱ በብብታቸው ይዞ ሳበ፣ እኔ ከታች ወገባቸውን ገፋሁ። በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ አንገታቸውን መድፋት ነበረባቸው፤ አንገታቸውን ሲደፉ ዳሌያቸው መታጠፍ አለበት፤ ዳሌያቸው አይታጠፍም። እንደምንም በጎን አስገባናቸው። ተቀመጡ ከተባለ ተቀመጡ፤ እግራቸው መተላለፊያው ላይ ተጋደመ። የገባው ሁሉ በላዩ ተሻገረ። ይቅርታ ሳይጠይቅ የተሻገረ አልነበረም፤ ለአባቴ ግን ይቅርታው ራሱ ሸክም ሆነባቸው። ለእያንዳንዱ "ግዴለም፣ ግዴለም" ሲሉ ሲሉ ድምፃቸው አለቀ።

ሐሙሲትን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ብወርድ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ሾፌሩን ላስቁመው?"

በመቀመጫውና በበሩ መካከል ያለውን ሰው አዩ። አንዲት እናት ሕፃን አዝላለች፣ አንድ ሰው ጆንያ በጉልበቱ ይዟል። እሳቸውን ለማውረድ ሁሉም መውረድ ነበረበት።

"ይቅር። ይቆየኛል" አሉ።

አልቆየላቸውም። ጋቢያቸውን ወደ ጭናቸው ሰብሰብ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ያኔ ገባኝ። ሌላው ሰው ይወቅ አይወቅ እንጃ፤ ያወቀም እንዳላወቀ ሆኗል። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከአንድ ዛፍ ጀርባ የራሴን ነጠላ አስለብሼ ሱሪያቸውን ቀየርኩላቸው። ሕፃን ሆኜ ያጠቡኝን ሰው ዓይናቸውን ላለማየት እየተጠነቀቅሁ አጠብኩ። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ።

"ለወንድምህ እንዳትነግረው።"

እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መኪና ማየቴ ተለወጠ። መፈልፈያ ቤታችን በር ላይ ቀኑን ሙሉ የማይቆም ተሽከርካሪ የለም፤ ከደራም ከሊቦም ሩዝ የጫነ ይመጣል። ድሮ የማየው ጭነቱን ነበር። አሁን የማየው በሩን ሆነ። ስንት ስንዝር ይሰፋል፣ መርገጫው ከመሬት ምን ያህል ይርቃል፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ይተኛል ወይ፣ እጅ የሚይዘው ብረት አለው ወይ። ባለቤቴ "መንገድ ላይ ስትሄድ እኮ ሰው አታይም፤ የመኪና በር ብቻ ነው የምታይ" አለችኝ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርነው። ባጃጅ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ለመሬት ቅርብ ነው፣ በየበሩ ይመጣል። ግን ገብቶ ዞሮ ለመቀመጥ ጉልበት መታጠፍ አለበት። አባቴ በሰያፍ ተቀምጠው እግራቸው በጎን ወጣ፤ እኔ ከውጭ ተረከዛቸውን በእጄ ይዤ፣ ባጃጁ በእርምጃ እየሄደ፣ እግራቸውን እንደ ሞፈር ተሸክሜ ከተማውን አቋረጥኩ። ልጆች ሳቁ። ጋሪ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፣ ያንገጫግጫል፤ ብረት ላለበት ዳሌ አይሆንም። የጭነት መኪና ጋቢና ለመድረስ መሰላል ያስፈልጋል።

የቤት መኪና የቀረችን ተስፋ ነበረች። አንድ የማውቀው አስተማሪ ትንሽዬ አሮጌ መኪና አለው፤ እሑድ ቀን እሱ ራሱ ሊወስደን እሺ አለ። የት እንሂድ ሲል ወንዛዬ ፍልውሃ አልን። ጎረቤቶቻችን ፍልውሃው ለአጥንት ነው፣ እግሩን ያላላላቸዋል ብለው አባቴን አሳምነዋቸዋል። ሐኪሙ አይጎዳም፣ ግን አያጥፈውም ብሎኝ ነበር። ይህን ለአባቴ አልደበቅኋቸውም። "ሙቅ ውሃ ብቻ ቢሆንስ ምን አለ?" አሉኝ።

የፊቱን መቀመጫ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስተኝተን አስገባናቸው። እግራቸው ገባ። መንገዱን ሙሉ በመስኮት እያዩ ሄዱ፤ ያን ቀን ብዙ አወሩ። ይኸ የማን ማሳ እንደሆነ፣ እዚያ ጋ ድሮ ከብት ምን ያህል ይሰማራ እንደነበር ለአስተማሪው ይነግሩታል። ከአስፋልቱ ስንወጣ ግን መኪናዋ በየድንጋዩ ሆዷን እየመታች፣ አባቴ በእያንዳንዱ ምት ጥርሳቸውን እየነከሱ ደረስን።

ፍልውሃው ድረስ መኪና አይገባም። የሚወርደው መንገድ ድንጋያማ ነው። አባቴ ከመቀመጫው ለመነሳት ሞከሩ፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለነበር በአንድ ጤነኛ እግር ከዚያ ጥልቀት ራሳቸውን ማንሳት አልቻሉም። እኔና አስተማሪው ከሁለት ወገን ይዘን ስንስብ ከአፋቸው ድምፅ ወጣ። ቃሬዛ ላይ እንኳ ያልወጣ ድምፅ ነው። ተውናቸው።

ሰዉ በነጠላ ተሸፍኖ ረጥቦ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ ከፍልውሃው ይመለሳል። አባቴ መኪናው ውስጥ ሆነው ያዩታል። ጀሪካን ለምኜ ወረድኩና ውሃ ቀድቼ አመጣሁ። በሩን ከፍቼ መሬት ላይ ተንበርክኬ እግራቸውን ከጭናቸው ጀምሮ አጠብኩ። እስክደርስ ውሃው በርዶ ለብ ብሎ ነበር።

"ይሞቃል?" አልኳቸው።

"ይሞቃል" አሉኝ።

ወደ ግንቦት ገደማ አሠሪዬ የጭነት ባጃጇን ሊሸጥ መሆኑን ሰማሁ። ከፊት ሾፌሩ ይቀመጣል፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ክፍት ሳጥን አላት፤ ሩዝ በጆንያ የምናመላልስባት እሷ ነበረች። ብዙ ጊዜ ነድቻታለሁ። አንድ ቀን ጭነት አራግፌ ባዶውን ሳጥን እያየሁ ቆሜ ሳለሁ፣ ሰው እዚህ ላይ ሳይታጠፍ መቀመጥ ይችላል የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ወንበር ብናስርበት፣ እግሩ ፊት ለፊት ቢዘረጋ፣ የሚሻገረው ሰው የለ፣ ጣራ የለ፣ አንገት መድፋት የለ።

ወንድሜ አልተስማማም። ገበያ ሲመጣ ግቢው ጥግ አባቴ በማይሰሙበት ተነጋገርን።

"በጋ በጋ ነው የምትሠራው" አለ። "ክረምት ዋልካው ጭቃ ውስጥ ይቺ ነገር አታልፍም።"

"ክረምት ምን ያልፋል?"

"ሰው። ትከሻ።"

"በሰው ትከሻ መሄድ አይፈልጉም። ጠይቄያቸዋለሁ።"

"በጆንያ ቦታ መሄድስ ይፈልጋሉ? ጠይቀሃቸዋል?"

አልጠየቅኋቸውም። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ወንድሜም መጨረሻ ላይ ካለው አዋጣ፤ ሌላ የተሻለ ነገር ማምጣት ስላልቻለ እንጂ አምኖበት አይደለም።

ገዛናት። ብየዳ ቤት ወስጄ በኋላ በኩል የሚዘረጋ፣ መሬት የሚነካ ሳንቃ አስደረግሁባት። መደገፊያ ያለው ወንበር ሳጥኑ ወለል ላይ በብሎን ታሰረ። ለእግራቸው ማሳረፊያ በፍራሽ የተሸፈነ ጣውላ፣ ለፀሐይና ለዝናብ ሸራ ተሠራ። ባለቤቴ ወንበሩን በአሮጌ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢ ውስጥ ሳስገባት እሳቸው በረንዳው ላይ ነበሩ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ይቺ የሩዝ መጫኛዋ አይደለችም?"

"ነበረች አባ። አሁን ለእርስዎ ነች።"

 ባለቤቴ ጠጋ ብላ "እስቲ አንዴ ይሞክሯት፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ" አለች።

"ቆንጆ ነው የሠራችሁት" አሉ። ምርኩዛቸውን ወደ ጎን አስቀመጡ። "እኔ በቅሎ ነበረችኝ። ሠርግ ስሄድ ሰው ቀና ብሎ ነበር የሚያየኝ። አሁን ወንበር ላይ ታስሬ፣ በየሰዉ በር ልታዞሩኝ ነው?"

"ማንም አያስርዎትም አባ።"

"ገና ሳልሞት ለምን ትጭኑኛላችሁ?"

ቁጣ አልነበረበትም። እንዲሁ ጥያቄ ነው።  ክረምቱ ገባና ባጃጇ በሸራ ተሸፍና ግቢ ውስጥ ቆመች። ለቀጠሮ የሰው መኪና እየለመንን፣ አባቴን እያሳመምን እናመላልሳለን። እሳቸው ስለ ባጃጇ አያነሱም። እኔም አላነሳም። ዝናብ ሸራው ላይ ሲያቁር ወጥቼ እደፋለሁ።

መስከረም ሲያልቅ ወንድሜ ጠዋት መጣ። እግሩ እስከ ጭኑ ጭቃ ነበር። አባቴ ገና ሲያዩት "ማን ነው?" አሉ። ምን ሆንክ አላሉትም፤ ማን ነው አሉ።

የሞተው ባልንጀራቸው ነው። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ሁለቱ አንድ አንድ በሬ እያወጡ፣ በአንድ ቀንበር እያጣመዱ፣ አንድ ቀን የአባቴን ማሳ አንድ ቀን የእሱን ማሳ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ በሬ መግዛት ሲችሉም አልተለያዩም። አባቴ ከወደቁ በኋላ በየገበያው ቀን መጥቶ በረንዳው ላይ አብሯቸው ይቀመጥ ነበር። ብዙ አያወሩም ነበር። ሲሄድ "በል፣ በደህና እደር" ይባባላሉ።

አባቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሲገልጡት ወደ እኔ አዩ።

"አምጣት" አሉኝ።

ወንድሜ "አባ፣ መንገዱ ገና ውሃ ነው። እኛ አለን፣ እኛ እንቀብራለን" አለ።

"አምጣት አልኩህ" አሉኝ እንደገና፤ እሱን ሳይሆን እኔን።

ሸራውን ገለጥኩ። ሳንቃውን ዘርግተን፣ እሳቸው መካከል ሆነው፣ በምርኩዛቸውና በትከሻችን ወጡ። ማንም አልሳበም፣ ማንም አልገፋም። እግራቸው ጣውላው ላይ ልክ አረፈ። ያ ሁሉ የለካሁት ትክክል ነበር፤ ደስ ሊለኝ የሚገባበት ቀን ግን አልነበረም። ንጹሕ ነጠላ ለበሱ፣ ምርኩዛቸውን በጭናቸው ላይ አጋደሙ። ወንድሜ ከጎናቸው ቆሞ ወንበሩን ያዘ።

በከተማው መካከል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ሰው አያቸው። የሚያውቋቸው ከተቀመጡበት ተነሱ። በመስታወቱ ሳያቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ውጭ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ጠጠር መንገዱን ጨረስን። ከዚያ ወዲያ ዋልካ ነው። ደረቅ በሚመስለው ጠርዝ እየመረጥኩ ጥሩ ርቀት ሄድን። ደወሉ ተሰማ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት የዛፍ ክምችት ታየን፤ ከሥሩ ነጭ የለበሰ ሕዝብ። እዚያ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ።

ወርጄ ገፋሁ። ወንድሜ ገፋ። ድንጋይ አስገባን፣ ሣር ነጭተን አነጠፍን። ጎማው በዞረ ቁጥር ወደ ታች ገባ። ሳጥኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነብል ጀመር፤ አባቴ የወንበሩን ክንድ ጨበጡ።

ወንድሜ ሮጦ ሄደ። ሲመለስ ከለቅሶው ሰዎች ይዞ፣ ቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው "ይምጡ፣ እናደርስዎታለን፣ ቅርብ ነው" አሏቸው። በእርግጥም ቅርብ ነበር። የፍትሐቱ ዜማ ነፋስ ሲመጣ ይሰማል።

አባቴ ቃሬዛውን አዩት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዩ። እዚያም ሌላ ቃሬዛ ነበር፣ ሰው ከቦት።

"የዛሬው ቃሬዛ የሱ ነው" አሉ። "እኔ በቃሬዛ ብመጣ ሰዉ የቱን ያልቅስ? ግራ አታጋቡት። እናንተ ሂዱ፣ ቅበሩልኝ።"

ለመኗቸው። አልሰሙም። ወንድሜ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ። ጎማዎቻችን ሰምጠው፣ ወንበሩ ዘንበል ብሎ፣ ውሃና ሩዝ መካከል ሆነን የባልንጀራቸውን ቀብር ከሩቅ ሰማነው። ሩዙ አሽቷል፤ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሳል። ሙሾው ከፍ ሲል አባቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። በዕድሜዬ ሲያለቅሱ ያየሁበት ሌላ ቀን የለም። እጃቸውን ልይዝ ፈልጌ ነበር፤ እጃቸው ወንበሩን እንዳይለቅ ፈራሁና ተውኩት።

ቀብሩ ሲያልቅ ሕዝቡ በሌላ መንገድ መሄድ ይችል ነበር። የለቅሶው ቤት በሌላ በኩል ነው። ግን ወደ እኛ መጡ። ጭቃውን እየረገጡ በሰልፍ መጡና አባቴ ፊት እየቆሙ፣ ለሟች ወንድም እንደሚባለው፣ "እግዚአብሔር ያጥናዎት" እያሉ አለፉ። መጨረሻ ላይ የሟቹ ሚስት መጣች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። ባጃጇን ይዛ ቆመች።

"በገበያ ቀን ማን ሊመጣልዎት ነው እንግዲህ?" አለች።

 ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ባጃጇን ያወጣናት በበሬ ነው። ወንድሜ የአባቴን በሬና የሟቹን በሬ አጣምዶ መጣ፤ ሁለቱ አብረው የለመዱ ስለሆኑ ቶሎ የተገኙት እነሱ ናቸው። መጫኛ ገመድ ባጃጇ ፊት ላይ ታሰረ። ወንድሜ ጅራፉን አነሳ፣ በሬዎቹ ግን ሰው በዝቶ፣ ነገሩ እንግዳ ሆኖባቸው አልጎትት አሉ። ይኼኔ አባቴ ከወንበሩ ላይ ሆነው ተጣሯቸው። የእርሻ ድምፃቸው ነበር፤ ከወደቁ ጀምሮ አልሰማሁትም። ረጅም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ ልጅ ሆኜ ምሳ ይዤ ስመጣ ከሩቅ የምለየው። በሬዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ፣ ጫንቃቸውን ጣሉና ሳቡ። ባጃጇ ጭቃውን እየተፋች ወጣች።  አባቴ ምርኩዛቸውን መልሰው በጭናቸው ላይ አጋደሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የተለወጠ መስሎኝ ነበር። እሑድ ሲሆን "ላምጣት?" ስላቸው እሺ ይሉ ጀመር። ወረታ ውስጥ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን እየወሰድኩ ቅጥሩ በር አጠገብ ጥላ ሥር አቆማታለሁ። ሳይወርዱ፣ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቅዳሴውን ይሰማሉ። እኔ ገብቼ አስቀድስና ስወጣ እዚያው አገኛቸዋለሁ። ፊታቸው ላይ ትንሽ ትንሽ ዕረፍት ማየት ጀምሬ ነበር። ባለቤቴም ይህን አስተውላ ቅዳሜ ማታ ነጠላቸውን አጥባ ማዘጋጀት ጀመረች።

አንድ እሑድ ስወጣ በቀኝ እጃቸው የሆነ ነገር ጨብጠው አየኋቸው። ፊታቸው ሌላ ነበር። "ምነው?" ብላቸው "ምንም፣ እንሂድ" አሉ። ቤት ስንደርስ ባለቤቴን ጠርተው መዳፋቸውን ዘረጉ። ሳንቲም ነበር። ከሌላ አገር ለንግሥ የመጣች የምትመስል ሴት አልፋ ስትሄድ ጭናቸው ላይ አስቀምጣላቸው ሄዳለች። በቅጥሩ በር፣ ወንበር ላይ፣ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

"ምን አሏት?" አለች ባለቤቴ።

"እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ምን ልበላት?" አሉ። "ለነዳያን ስጭልኝ።"

በሚቀጥለው እሑድ "ላምጣት?" ስላቸው "ዛሬ ይቅር" አሉ። በሌላውም እንዲሁ። ጥር ላይ ሜዳው ሁሉ ደርቆ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ባጃጅ አይደለም አይሱዙም የሚያስኬድ ሆነ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባ፣ አሁን እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ያለ ችግር እንገባለን። ዛሬ ሄደን ነገ እንመለስ።"

"ማን አለ ብዬ?" አሉኝ።

"ወንድሜ አለ፣ ልጆቹ አሉ፣ መሬቱ አለ።"

"እነሱማ ይመጣሉ" አሉ።  እኔም ያን ቀን ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ በሌላም ቀን ቢሆን መልሳቸው ያው ነበር።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጤነኛው እግራቸውም ደከመ። ምርኩዙ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ። አሁን መንገዳችን ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ነው፤ እሱንም እኔና ባለቤቴ ተሸክመን። ቆይቶ ደግሞ በረንዳውም ቀረ። ጠዋት ከሥራ በፊት በአንድ ጎን አስተኛቸዋለሁ፣ ቀትር ላይ ባለቤቴ በሌላው ታዞራቸዋለች፣ ማታ እኔ እመልሳቸዋለሁ። ቀላል ሆነዋል። ሚኒባስ ላይ ለሁለት ያቃቱን አባቴ አሁን በአንድ ክንዴ ይነሳሉ። የሚፈለግ በር፣ የሚለካ መርገጫ የለም።

ክረምቱ አልፎ ኅዳር ላይ ወንድሜ ባጃጇን ለአጨዳ እንዳውሰው ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ማለዳ መጣ፣ መጀመሪያ ገብቶ አባቴን ጉልበታቸውን ሳማቸው፣ ከዚያ ወጥቶ ወንበሩን ከወለሉ ይፈታ ጀመር። ብሎኑ ዝጎ ስለነበር አብሬው ታገልኩ። ወንበሩን ግድግዳ ጥግ አስቀመጥነው። ሞተሩን አስነሳ፣ ከግቢ ወጣ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

ስገባ አባቴ ነቅተዋል። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

"ማን ነው የሄደ?" አሉኝ።

"ወንድሜ ነው አባ። ወደ ቁሐር።"

"ውሃው ጎድሏል?"

"ጎድሏል። ሩዙ ሊታጨድ ነው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ግድግዳው እንዳዞራቸው በእጃቸው አመለከቱኝ፤ አዞርኳቸው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ስቤ ሸፈንኳቸውና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።